የትኛው ነው የእማማ ድስት

ከሠርጉ በማግስቱ ጠዋት፣ በልብስ ሰፊው ጓሮ፣ ሁለት ድስቶች ጎን ለጎን ተደፍተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እትዬ አመዴ አንዱን አንስታ ገልብጣ አየችውና መልሳ ደፋችው። ሁለተኛውን አነሳች። እሱንም አየችውና ደፋችው። ከዚያ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ቆመች። ከሁለቱ አንዱ የራሷ ነው፤ ሌላው የሲስተር። የትኛው የማን እንደሆነ ግን ጠፋባት።

መጀመሪያ አልደነገጠችም። እንቅልፍ ስላልጠገብኩ ነው አለች ለራሷ። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ ተመልሳ መጣች። ድስቶቹ ያው ናቸው። ቁመታቸው አንድ፣ ስፋታቸው አንድ፣ ጆሯቸው አንድ፣ ንጣታቸው አንድ። ቂጣቸው ላይ የራሷን ፊት አየች፤ እሱም በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ግራ የገባው ፊት።

እትዬ አመዴ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ከከባድ መኪና መቆሚያው ጀርባ ባለው የሹፌሮች ምግብ ቤት ድስት አጣቢ ናት። ሳህንና ብርጭቆ የሚያጥቡት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ከውስጥ ገንዳው ፊት ቆመው በሳሙና ይሠራሉ። እሷ ውጭ ናት። ከማብሰያ ቤቱ ጀርባ ቅጠሉ እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር ትልቅ ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር ቧንቧ፣ ከቧንቧው አጠገብ በርሜል ሙሉ አመድ፣ ከበርሜሉ አጠገብ ከወንዝ የመጣ የአሸዋ ክምር። ልጅ የሚያስተኙ ትልልቅ ድስቶች፣ ሞራ የረጋባቸው መጥበሻዎች፣ ሥራቸው ያረረ ማንቆርቆሪያዎች፣ ሌላው ሰው ተስፋ የቆረጠባቸው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣሉ።

አሠራሯ እንዲህ ነው። አመዱን መጀመሪያ በወንፊት ትነፋዋለች፤ የከሰል ስባሪ ከቀረበት ድስቱን ይቧጭረዋል። ሞራውን በደረቅ ሣር ትጠርገዋለች። ከዚያ አመዱን ነስንሳ ፍል ውሃ ጠብ እያደረገችበት ታሸዋለች። አመድና ሞራ መጀመሪያ አይዋደዱም፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይላል። ትንሽ ቆይተው ግን ይያያዙና እጅ ላይ እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ ይላሉ። «አሁን በላው» ትላለች። አመዱ ቅባቱን ማለቷ ነው። ያረረውን በእርጥብ አሸዋና በበቆሎ ቆረቆንዳ ትፍቀዋለች፤ ጠርዙንና የጆሮውን ሥር በሻካራው ቅጠል። ተጨምቆ የተጣለ የሎሚ ልጣጭ ካገኘች ደግሞ በመጨረሻ በእሱ ታብሰዋለች። ሹፌሮቹ በልተው ሲጨርሱ ወደ ጓሮ ብቅ ይሉና በድስቶቹ ቂጥ ጢማቸውን ያያሉ።

«እትዬ አመዴ፣ መላጨት አለብኝ እንዴ?»

«አንተስ መታጠብ ነው ያለብህ። ና ቁጭ በል፣ አሸዋው እዚህ ነው።»

አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነውና። ምግብ ቤት ውስጥ ድስት እሳት ላይ ከመጣዱ በፊት ከውጭ በኩል ወፈር ያለ የአመድ ልውስ ይቀባል። ጥላሸቱ የሚይዘው ልውሱን እንጂ ድስቱን ስላልሆነ ሲታጠብ አብሮ ተገፎ ይወርዳል። ስለዚህ እትዬ አመዴ የምታጥባቸው የምግብ ቤቱ ድስቶች ውስጣቸውም ውጫቸውም ነጭ ነው። በየሰው ቤት ግን፣ በእሷም ቤት ቢሆን፣ እንዲህ የሚያደርግ የለም። የቤት ድስት ቂጡ ጥቁር ነው፤ ማንም አይነካውም። ጥላሸቱ በዓመታት ተደራርቦ፣ አንዱ ጋ ተሰንጥቆ፣ ሌላው ጋ ተልጦ፣ የራሱን መልክ ይይዛል። ሰዎች ድግስ ሲኖር ድስት ይዋዋሳሉ፤ ድግሱ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም የራሱን በቂጡ ለይቶ ይወስዳል።

የሲስተርና የእትዬ አመዴ ድስቶች ታሪክ ወደ ኋላ ይሄዳል። እትዬ አመዴ ልጅ ሳለች ወላጆቿን አጥታ በአንዲት ሴት ቤት ልትሠራ ገባች። ሰው ሁሉ ሴትየዋን እማማ ነበር የሚላት። እማማ አንድ ልጅ ነበራት፤ ዛሬ ሲስተር የምንላት ናት። ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ደብተሯ ላይ ስትደፋ፣ የቤት ሠራተኛዋ ጓሮ ከእማማ ጋር አመድ ስትነፋ ነው ሁለቱም ያደጉት። እማማ አንድ ቀን ገበያ ወጥታ ሁለት አንድ ዓይነት የአልሙኒየም ድስት ገዛች። አንዱን ምድጃ ላይ ጣደችው። ሌላውን በጆንያ ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር ከተተችው። ያደገችው ሠራተኛ የራሷን ጎጆ ልትወጣ በተነሳች ቀን ከአልጋው ሥር ጎትታ አውጥታ ሰጠቻት። «እንዳታሳርሪው» ብቻ ነው ያለቻት።

የእማማ ልጅም አዋላጅ ነርስ ሆነች። ከሰፈሩ ሰው ግማሹን የተቀበለችው እሷ ናት፤ መንገድ ላይ ጎረምሶችን «አንተ እኮ በእግርህ ነው የመጣኸው» እያለች ታሳፍራቸዋለች። እማማ እስክትሞት ድረስ በዚያው በምድጃው ድስት አበሰለች። ስትሞት ሲስተር ልብሱን አደለች፣ አልጋውን አደለች፣ ድስቱን ግን ማንም እንዳይነካው ብላ ቁምሳጥን ላይ ሰቀለችው። ራሷ ምግብ አትሠራም፤ ዳቦና እንቁላል ይበቃታል። ድስቱ ቂጥ ላይ፣ ጥላሸቱ በተላጠበት ቦታ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ ነጥብ አድርጋበታለች። ቀለሙን የገዛችው ለዚሁ ብላ ነው፤ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ጥፍሯን ተቀብታ አታውቅም።

ልብስ ሰፊው ልጁን ሲድር ድስት አነሰው። ሲስተርን ለመነ። እሺ አላለችም። በመጨረሻ ግን ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ራሷ የሠርጉን ድስት ልታጥብ ወደ ተጠራችው እትዬ አመዴ ቤት መጣች።

«ለእሱ አይደለም የምሰጠው፤ ለአንቺ ነው» አለቻት። «እማማ እስከ መጨረሻዋ የሠራችበት ነው። ሌላ የቀረኝ ነገር የለም። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ከእጅሽ እንዳይወጣ።»

«ኧረ ሲስተር፣ ምን ነካሽ፤ እኔ እኮ ነኝ።»

ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ «አንቺ» ይባባላሉ። ሰው ባለበት ግን እትዬ አመዴ «እርስዎ» ትላታለች፤ ማንም አላዘዛትም፤ እንዲያው ከድሮ ጀምሮ ምላሷ የለመደው ነው።

በሠርጉ ዋዜማ እትዬ አመዴ የራሷንም ድስት ጨምራ ይዛ ወደ ልብስ ሰፊው ጓሮ ሄደች። የእማማ ድስት እንግዳ እሳት ላይ ሊጣድ ነውና ቢያንስ አይጥቆር ብላ እንደ ምግብ ቤቱ ደንብ ከውጭ የአመድ ልውስ ቀባችው። የራሷንም ቀባችው። በሠርጉ ዕለት ሁለቱ ድስቶች ቀኑን ሙሉ ሥጋ ሲቀቅሉ ዋሉ። ምሽት ላይ ማጠቡ ሲጀመር የሙሽራው ዘመዶች ጓሮ ቁጭ ብለው ነበር፤ አንዲት አክስት «ወይ እጅ፤ እንዲህ ያለ አስተጣጠብ አይቼ አላውቅም» አለች። እትዬ አመዴ ምስጋና ብዙ አልለመደችም። አሸዋውን ጨመረች። ፍል ውሃውን ጨመረች። ልውሱ ከአሮጌው ጥላሸት ሥር ሥር ገብቶ አለስልሶት ኖሮ፣ ቆረቆንዳው ሲያርፍበት የዓመታቱ ጥቁር እንደ ቅርፊት እየተገፈፈ ወረደ። ከሥሩ አዲስ ነጭ ድስት ወጣ። ደስ አላት። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገችው። ቀይዋ ነጥብ መቼ እንደሄደች አላየችም፤ ድስቱን የምታየው በዓይኗ ሳይሆን በእጇ ነው።

ምግብ ቤት ውስጥ ድስት ሁሉ የአንድ ሰው ነው። ይሄ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እጇ የለመደው ያንን ነው።

እና አሁን ጠዋት ሆኗል። ሲስተር ልትወስደው ትመጣለች።

ልብስ ሰፊው የትናንቱ ደስታ ገና ከፊቱ ሳይወርድ ወደ ጓሮ ወጣ። «እትዬ፣ ምነው እንደ ሐውልት ቆምሽ?»

«የትኛው የሲስተር እንደሆነ ጠፋኝ።»

ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። ጎንበስ ብሎ ድስቶቹን አየ፤ የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አፋቸውን ለካ፣ ቁመታቸውን ለካ። ቀና አለ። «አንድ ናቸው።»

«እሱንማ እኔም አየሁት።»

«ታዲያ አንድ ከሆኑ ምን ችግር አለው? አንዱን ስጫት።»

ይህንኑ እትዬ አመዴም ራሷ ፊቷን ስትታጠብ አስባው ነበር። አንዱን አንስታ «ይኸው የእማማ» ብትል ሲስተር አመስግና ትወስዳለች፣ ቁምሳጥኗ ላይ ትሰቅለዋለች፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ሲስተርን ማታለሉ ብቻ አልነበረም ያስቸገራት። እቤቷ ይዛው የምትገባውስ? እድሜ ልኳን በየቀኑ የጨበጠችው የራሷ ድስት ነው። ዓይኗን ጨፍና ከመቶ ድስት መሀል አውቀዋለሁ ብላ ብትምል አታፍርም ነበር። አሁን ሁለት ብቻ ናቸው፤ አላወቀችውም። ታዲያ እስከ ዛሬ የማውቀው ምኑን ነበር አለች በልቧ። ድስቱን ነው ወይስ ጥቁረቱን?

በሩ ላይ የተቀመጠው የሰፈሩ ዘበኛ ወሬ ሸቶት መጣ። እሱ የማያውቀው ነገር የለም። ሁለቱንም ድስቶች በየተራ አንጠልጥሎ መዘናቸው።

«ይሄኛው ይከብዳል። ይሄ ነው የድሮው።»

«የድሮው ይቀላል እንጂ ለምን ይከብዳል?» አለ ልብስ ሰፊው። «ሲታጠብ ሲታጠብ ሳስቶ።»

«እንግዲያው ያኛው ነው።»

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው እትዬ አመዴ። ዘበኛው ጨፈነ። ሁለቱን ድስቶች ቦታ አቀያየረችና ሰጠችው። መዘነ። «ይሄ ነው የሚከብደው» አለ እርግጠኛ ሆኖ። ያነሳው ቅድም ቀላል ያለውን ነበር።

«አንተ የሚከብድህ ቀኝ እጅህ ነው» አለው ልብስ ሰፊው።

«ምን ላድርግ፣ ትናንት ስንት ሣጥን ለስላሳ አሸከማችሁኝ። ሰው ለፍቶ ሲወቀስ እጄ አመድ አፋሽ ነው ይላል፤ እትዬ አመዴ ግን ይኸው በእውነት አመድ አፍሳ አሳየችን» አለ። እትዬ አመዴ አልሳቀችም። ድስቶቹን ያቀያየረችው ራሷ ስለሆነች አሁን ጭራሽ ጠዋት በግራ የነበረው የትኛው እንደሆነ እንኳን ጠፍቷታል። ነገሩ ውሉን ሳተ።

ክዳኖቹን አመጣች። የአንዱ ክዳን ለሁለቱም ልክ ነው፤ የሌላውም ለሁለቱም ልክ ነው። ውስጣቸውን አሸተተች። ሁለቱም የሚሸቱት ሎሚ ነው። የራሷን ልጣጭ ረገመች።

ሲስተር የመጣችው ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ነጠላ ጫማዋን እያንቋቋች ገባችና ባዶ እጇን ዘረጋች፤ የሰው ልጅ ስትቀበል የኖረች ሴት ስለሆነች ዕቃ ለመቀበልም እጇን የምትዘረጋው እንዲያ ነው፣ ሁለቱንም መዳፍ ወደ ላይ አድርጋ።

«አመዴ፣ ደከመሽ? የት አለ?»

«ሲስተር፣ ጠፍቶብኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሲስተር መልኳ ተለወጠ። «ጠፋ? ተሰረቀ?»

«አልተሰረቀም። እዚሁ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምኑ ነው የጠፋው?»

እትዬ አመዴ ወደ ሁለቱ ድስቶች አመለከተች። ሲስተር አየቻቸው። መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አጠለቀች፣ እንደገና አየች። አንዱን አንስታ ቂጡን ገለበጠች። ሌላውን ገለበጠች።

«ነጥቧስ?»

«ታጠበች።»

«ጥላሸቱስ?»

«እሱም።»

«ማን ይታጠብ አለሽ?»

«ማንም። ንጹሕ ሆኖ እንዲመለስልዎ ብዬ ነው።»

ዘበኛው የሚሄድበት ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀስ ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። ልብስ ሰፊው «ሲስተር፣ ሁለቱንም ይውሰዱ፤ ለእትዬ እኔ አዲስ እገዛላታለሁ» አለ።

«ሁለት ድስት ምን ያደርግልኛል?» አለች ሲስተር ድምፅዋን ሳታነሳ። «አንድ ነው የሰጠሁት። ሁለት ከወሰድኩማ ሁልጊዜ አንዱን እያየሁ ሌላው ይሆን እንዴ እል አይደል። እናቴ ሁለት አይደለችም።»

ልብስ ሰፊው አፉን ያዘና እንግዶቹን አያለሁ ብሎ ገባ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ሲስተር የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። እትዬ አመዴ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። በመሀላቸው ድስቶቹ አሉ።

«ጠርዙን እዪልኝ» አለች ሲስተር። «እማማ ሁልጊዜ ጭልፋውን በጠርዙ ትመታ ነበር። አማስላ ስትጨርስ፣ ጭልፋው ላይ የቀረውን ለማራገፍ። አንድ ቦታ ነበር የምትመታው። መቼም ያን ያህል ዓመት ተመትቶ ምልክት ሳይተው አይቀርም።»

እትዬ አመዴ ዓይኗ በራ። ይሄ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ ብላ አንዱን ድስት ሳብ አደረገች፤ አውራ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ዞረች። ከቀኙ ጆሮ ትንሽ አለፍ ብሎ ጣቷ ዝቅ አለ። ጠርዙ እዚያ ጋ ተረግጦ ጠፍጠፍ ብሏል፣ ጥፍር የማታህል ቦታ።

«አገኘሁት» አለች። «ሲስተር፣ ነይ ዳስሺው። ይሄ ነው።»

ሲስተር ጣቷን አስጠጋች። ዳሰሰች። ዓይኗ እርጥብ አለ። ድስቱን ወደ ጭኗ ልታነሳው ስትል እትዬ አመዴ፣ እንዲያው ለእርግጠኝነት ብላ፣ የሁለተኛውን ጠርዝ መዳሰስ ጀመረች። ዞረች። ከቀኙ ጆሮ ትንሽ አለፍ ብሎ ጣቷ ዝቅ አለ።

ጣቷን ከዚያ አላነሳችም። ባትናገር ሲስተር ድስቷን ይዛ ልትሄድ ነው።

«ምነው?» አለች ሲስተር።

«እዚህም አለ።»

«እዚህም አለ ማለት?»

«እዚሁ ቦታ። ልክ እዚሁ ቦታ።»

ሲስተር ሁለተኛውን ዳሰሰች። የመጀመሪያውን ዳሰሰች። መነጽሯን አወለቀች። «አንዱ የእማማ ነው። ሌላውን ማን መታው?»

እትዬ አመዴ አሰበች። ስታበስል ምን እንደምታደርግ አስባ አታውቅም። ተነስታ ከልብስ ሰፊው ማብሰያ ቤት ጭልፋ አመጣችና አንዱን ድስት ከፊቷ አስቀመጠች፤ በባዶው አየሩን አማሰለች። ማሰብ ስታቆም እጇ ራሱ ሄደ። ጭልፋው ከጆሮው አለፍ ብላ ባለችው ቦታ ላይ ሁለቴ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አንዴ አረፈ። ቀጭ ቀጭ። ቀጭ።

ሲስተር ከሣጥኑ ላይ ብድግ አለች።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«ሌላውን ምቺው።»

ሌላውን መታችው። ያው ድምፅ ነው።

«ያንን ስሰማ ደብተሬን አጥፌ እመጣ ነበር» አለች ሲስተር። «ምግብ ደረሰ ማለት ነበር። እማማ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ያንን ብቻ ነበር የምታደርገው።» ወደ እትዬ አመዴ እጅ እያየች «አንቺ እንዲህ እንደምትመቺ አላውቅም ነበር» አለች።

«እኔም አላውቅም ነበር።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝ። አጠገቧ ቆሜ ነበራ።»

«እኔም እኮ እዚያው ቤት ነበርኩ።»

«አንቺ ደብተርሽ ላይ ነበርሽ» አለች እትዬ አመዴ። ክፉ አላሰበችም፤ እንደነበረው ነው የተናገረችው። ሲስተር ግን ፊቷ ቅጭም አለ፤ እትዬ አመዴም ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ጭልፋውን አስቀመጠች።

ሲስተር በግራ ያለውን ድስት አንስታ ብብቷ ሥር ሻጠችና ወጣች። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ዘበኛው መንገድ ለቀቀላት፤ አልሄደችም። ተመልሳ መጣች፤ ድስቱን አስቀምጣ የቀኙን ያዘች። አሁንም በሩ ድረስ ሄደች። አሁንም ተመለሰች።

«ሁለቱም አንቺ ጋ ይቀመጡ» አለች። «ሥሪባቸው። ያወቅሽው ቀን ትነግሪኛለሽ።»

«ካላወቅኩስ?»

«እየመጣሁ አያለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ድስቶች እትዬ አመዴ ቤት ገቡ። አንዱ መስኮቱ ሥር፣ ሌላው በሩ አጠገብ። አንድ ቀን በአንዱ፣ ሌላ ቀን በሌላው ታበስላለች። የትኛው ቶሎ ይፈላል፣ የትኛው ያሳርራል እያለች ትጠብቃለች። አንዳንዴ የመስኮቱ ቶሎ ይፈላል፤ ያኔ «አንተ ነህ የኔ» ትለዋለች። በማግስቱ የበሩ ይቀድመዋል። አሁን ከውስጥ ብቻ ነው የምታጥባቸው። እጇ ቂጡ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳይቀር አንዳንዴ ይቆምባትና የአብሳዮቹ አለቃ «እትዬ፣ ምነው ዛሬ ግማሽ ግማሹን አጠብሽው» ይላታል። ምን ትበለው? ነገሩን ልታስረዳው ትጀምርና መሀል ላይ ራሷም ይጠፋባታል።

ሲስተር ትመጣለች። መጀመሪያ የምትመጣው ድስቶቹን ለማየት ነበር፤ ቂጣቸውን ገልብጣ፣ የያዙትን አዲስ ጥላሸት አስተያይታ ትሄዳለች። ከዚያ ምግብ ሰዓት ላይ መምጣት ጀመረች። ደጃፉ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ጋዜጣዋን ታነባለች። ከውስጥ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ጋዜጣውን አጥፋ ትገባለች። ከየትኛው ድስት እንደሆነ አትጠይቅም። እትዬ አመዴ ግን ጥያቄው ስለቀረላት እፎይ ማለት ይገባት እንደሆነ ወይም መፍራት፣ አልገባትም። ሰው አደራ ሰጥቶ አደራውን መጠየቅ ሲተው ምን ማለት ነው?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ያቺን የቀይ ቀለም ጠርሙስ ይዛ መጣች። ቀለሙ ደርቆ ስለነበር አሴቶን ጠብ አድርጋ በጥብጣዋለች። እትዬ አመዴ ስታያት የፍርዱ ቀን ደረሰ ብላ ሁለቱንም ድስቶች ወደ ደጃፉ አውጥታ ደፋቻቸው። ሁለቱም ጠቁረዋል። አንዱ ወደ ጆሮው አካባቢ፣ ሌላው መሀሉ ላይ፤ ገና መልክ እያወጡ ነው።

ሲስተር ብሩሿን ነክራ ከጠርሙሱ አወጣች። በአንደኛው ድስት ላይ ዘረጋቻት። ቆየች። ወደ ሌላው አዞረቻት።

«የትኛው ነው አመዴ?»

«እንጃ ሲስተር።»

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ልብሽ የትኛው ይልሻል?»

«ልቤማ አንድ ቀን ይሄን፣ አንድ ቀን ያንን ነው የሚለኝ።»

«እኔም እንጃ» አለች ሲስተር። ቀለሙ ከብሩሿ ጫፍ ጠብ ሊል ነበር። «እጅሽን አምጪ።»

«የምኑን እጅ?»

«ቀኝሽን። አምጪው አልኩ።»

እትዬ አመዴ እጇን ሰጠቻት። በአመድና በፍል ውሃ የተሰነጣጠቀ፣ አውራ ጣቱ የደነደነ እጅ ነው። ሲስተር ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ መነጽሯን ወደ ታች አውርዳ፣ ሕፃን እንደሚመረምር ሰው ጎንበስ ብላ፣ የአውራ ጣቷን ጥፍር ቀይ ቀባችው። እፍ እፍ ብላ አደረቀችው። ከዚያ ጠርሙሱን ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ «ምሳ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» አለች።

እትዬ አመዴ ያን ቀን ብዙ ጊዜ ጣቷን አየችው። ለምን እንደቀባቻት ማንንም ብትጠይቅ የሚነግራት አላገኘችም። ዘበኛው «ምናልባት አንቺም እንዳትጠፊባት ይሆናል» ብሎ ሳቀ፤ እሷ ግን እንደ ቀልድ አልወሰደችውም፤ ስታሰላስለው አመሸች።

ሰኞ ጠዋት ከዛፉ ሥር ቁጭ ብላ አመዷን ነፋች። ሞራ የረጋበት ትልቅ ድስት ቀረበላት። አመዱን ነሰነሰች፣ ፍል ውሃውን ጠብ አደረገች፣ ታሸው ጀመር። እጇ ሙልጭልጭ ሲል ልማዷ ነውና «አሁን በላው» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሏት እጇን ከድስቱ አውጥታ አየችው።

ቀዩ ከጥፍሯ ጠርዝ ላይ ተልጦ ነበር። ጥቂት ቀርቷል፣ መሀሉ ላይ። ድስቱን በግራ እጇ ማሸት ቀጠለች።